ፊልምና ሚዲያ ውጭ አገር ለመማር፦ ከመጀመሪያው ፊልም እስከ ቪዛ

ፊልም ውጭ አገር መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?" የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ተራው ገና ነው። የፊልም ትምህርት ቤት ከሌላው ይለያል። ጂፒኤ ብቻ አይቶ አይቀበልም። የሠራችሁትን አሳዩኝ ይላል። ስለዚህ ከፎርሙ በፊት፣ አይኤልትስ ከሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በፊት ሥራችሁ ይቀድማል። አገር ቤት ሆናችሁ በእጃችሁ ባለው ስልክ የሠራችሁት የአምስት ደቂቃ ፊልም ከዲግሪያችሁ በላይ ሊናገርላችሁ ይችላል።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ለሚያመለክቱ ነው። ይበልጥ የማተኩረው ደግሞ በማስተርስ ላይ ነው፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና። ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ወደ ኋላ አንድ ዓመት ተኩል ቁጠሩና ዛሬውኑ ጀምሩ። ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራው ቀነ ገደቦቹ የሚወጡት በዚያ ስለሆነ ነው።

1. ፊልም መሥራት ነው የምትፈልጉት ወይስ ፊልምን ማጥናት?

ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው። "ፊልምና ሚዲያ" የሚል ፕሮግራም አይታችሁ ትገባላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ካሜራ ሳትነኩ፣ ስታነቡና ስትጽፉ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። ይሄ መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ጋዜጠኛ፣ ሃያሲ፣ መምህር ወይም የሚዲያ ተመራማሪ መሆን ለሚፈልግ ትክክለኛው ቦታ ነው። ዳይሬክተር ልሁን ብሎ ለሄደ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

የምትለዩት እንዲህ ነው። የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር ክፈቱ። ስንት ፊልም ትሠራላችሁ? መሣሪያ ትምህርት ቤቱ ያቀርባል? መመረቂያው ጽሑፍ ነው ወይስ ፊልም? ለመግባት የሚጠይቁትም ይነግራችኋል። ፊልም ሥራ የሚያስተምሩት ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሠራችሁትን ስብስብ ይጠይቃሉ። ጥናት ላይ ያተኮሩት ደግሞ የጽሑፍ ናሙና፣ የጥናት ሐሳብና ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ውጤት ይፈልጋሉ።

ፊልም ሥራ ከመረጣችሁ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ሙያውን ምረጡ። ዳይሬክቲንግ፣ ሲኒማቶግራፊ፣ ሳውንድ፣ ኤዲቲንግ፣ ስክሪፕት፣ ፕሮዲውሲንግ፣ አኒሜሽን። በብዙ ትምህርት ቤቶች መግቢያቸው ለየብቻ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ለማንም የምመክረው ግን ሳውንድንና ኤዲቲንግን ከልቡ እንዲያያቸው ነው። የፊልሞቻችን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሳውንድ ተምሮ የተመለሰ ሰው ሥራ ፍለጋ ብዙ የሚንከራተት አይመስለኝም።

2. ማን ይከፍላል?

ትምህርት ቤቱን ከመምረጣችሁ በፊት የገንዘቡን መንገድ ምረጡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። በጣም የሚወደው ትምህርት ቤት ይቀበለዋል፤ ከዚያ ክፍያውን ሲያይ ወሽመጡ ይቆረጣል።

በእኔ እምነት ለኢትዮጵያዊ የፊልም ተማሪ ከሁሉም የተሻለው በር ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፋቸው የጋራ ማስተርሶች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት አገር ትማራላችሁ። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ የለበትም። በወር 1,400 ዩሮም ይሰጠዋል። ከፊልሙ ዘርፍ ዶክኖማድስ የዶክመንተሪ ዳይሬክቲንግ ነው፤ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራስልስ ላይ ያስተምራል። ኪኖአይስ ልብ ወለድ ፊልም ላይ ያተኮረ ሲሆን የሊዝበን፣ የኤድንብራና የታሊን ትምህርት ቤቶች በጋራ የጀመሩት ነው። ቪውፋይንደር ለሲኒማቶግራፊ፣ ሪአኒማ ለአኒሜሽን ነው። ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም በጀቱ የሚታደስለት በየተወሰነ ዓመት ስለሆነ በምታመለክቱበት ዓመት ስኮላርሺፕ መኖሩን ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። መጀመሪያ ዲግሪ ግድ ነው፤ በፊልም መሆኑ ግን ግድ አይደለም። አካውንቲንግ ወይም ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ሰው ጥሩ ሥራ ካለው አይፈር።

እንግሊዝ ከሆነ ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ቢያንስ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሦስት ኮርስ መርጣችሁ ታመለክታላችሁ፤ ስትጨርሱ ለሁለት ዓመት አገራችሁ ተመልሳችሁ ትቆያላችሁ። የሚከፈተው ኦገስት ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። በእንግሊዝ ስመ ጥር የሆነው ናሽናል ፊልም ኤንድ ቴሌቪዥን ስኩል አብዛኛው ማስተርሱ የሁለት ዓመት ነው። የቺቭኒንግ ደግሞ የአንድ ዓመት ነው። ስለዚህ እንደ ጎልድስሚዝስ ያሉ የአንድ ዓመት ማስተርስ ያላቸውን ፈልጉ።

ደቡብ ኮሪያን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ መዝለል አልነበረበትም። ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ሰጥቶ ከዚያ ዲግሪውን ያስተምራል። የማስተርሱ ማመልከቻ ፌብሩዋሪ አካባቢ ይከፈታል። ዕድሜ ከ40 በታች፣ ውጤት ከመቶ 80 በላይ መሆን አለበት። ለእኛ ደግሞ ልዩ ነገር አለው። በኮሪያ ጦርነት የተዋጉ ወታደሮች ዘሮች ተጨማሪ ነጥብ ያገኛሉ። አያታችሁ ወይም ቅድመ አያታችሁ በቃኘው ሻለቃ ውስጥ ከነበሩ ማስረጃውን አሁኑኑ መፈለግ ጀምሩ። እንዲህ ያለ ወረቀት በአንድ ሳምንት አይገኝም። ሴዑል ውስጥ ቹንግአንግ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ትምህርቱ የታወቀ ነው። ቋንቋው ግን ኮሪያኛ መሆኑን አትርሱ። በዓመቱ መጨረሻ ቶፒክ የሚባለውን የኮሪያኛ ፈተና ሦስተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ወደ ዲግሪው አይሻገርም።

ቱርክም ተመሳሳይ አሠራር አላት። ቱርክዬ ቡርስላሪ የሚባለው የመንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል። ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች መሆን ያስፈልጋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች "ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሲኒማ" የሚል ክፍል አላቸው። የቻይና መንግሥትም ስኮላርሺፕ አለው። በ1950 የተመሠረተው የቤጂንግ ፊልም አካዳሚ እዚያ ነው ያለው። በኮሪያ፣ በቱርክና በቻይና ብዙ ጊዜ አንዱን ዓመት ለቋንቋ ትሰጣላችሁ። ስክሪፕት ጸሐፊ ለመሆን ለሚፈልግ በባዕድ ቋንቋ መጻፍ ከባድ ነው፤ ለሲኒማቶግራፈርና ለኤዲተር ግን ያን ያህል አያግድም።

ጀርመን "ነፃ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ እውነት ነው። በፖትስዳም ያለው የባብልስበርግ የፊልም ዩኒቨርሲቲና በርሊን ያለው ዲኤፍኤፍቢ የተባለው የፊልም አካዳሚ ትልልቅ ስም አላቸው። ግን ሁለት ነገር አለ። የመግቢያ ፈተናቸው ጠንካራ ነው፤ ትምህርቱም በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። ስኮላርሺፕ ከሌላችሁ ደግሞ ለቪዛው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት ዝግ አካውንት የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ አስቀምጡ ትባላላችሁ። ዲኤኤዲ የሚባለው የጀርመን የስኮላርሺፕ ተቋም ለፊልምና ለሥነ ጥበብ ለብቻው ስኮላርሺፕ ስላለው ወደ ጀርመን የሚያስብ ሰው ከዚያ ይጀምር። ፕራግ ያለው ፋሙ በ1946 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ከተማራችሁ ትከፍላላችሁ፤ በቼክኛ ከሆነ ግን የውጭ ዜጋም ሳይከፍል ይማራል።

አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሲኒማ የቆየ መንገድ ናት። ኃይሌ ገሪማ በ1967 ትያትር ሊማር ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ወዳለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ ፊልም ተማረ። በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ከእሱ በኋላም ዳይሬክተሮቹ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በዩኤስሲ (በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ)፣ ያሬድ ዘለቀ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ዛሬ ግን ዩኤስሲና ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉት የግል ትምህርት ቤቶች ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ገንዘቡን ተከተሉ። ኤምኤፍኤ የሚባለውን የሥነ ጥበብ ማስተርስ ከሚሰጡት መካከል ማስተርስ ተማሪዎቹን ረዳት አስተማሪ አድርገው የሚቀጥሩ አሉ። ክፍያውን ይሰርዙና ደመወዝ ይከፍላሉ። ፊላደልፊያ ያለው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አንዱ ምሳሌ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል "ለውጭ ተማሪ አሲስታንትሺፕ አላችሁ ወይ? ለስንት ዓመት?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ከኪሱ የሚከፍል ቤተሰብ ካለ ሕንድን አስቡ። ፑኔ ላይ በ1960 የተመሠረተው የፊልምና ቴሌቪዥን ተቋም ከአውሮፓና ከአሜሪካ አንፃር ወጪው ዝቅ ያለ ነው። አክራም ከ1978 ጀምሮ ናፍቲ የሚባል የፊልም ትምህርት ቤት ነበራት፤ አሁን የጋና የሚዲያ፣ የሥነ ጥበብና የኮሙኒኬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። አፍሪካ ውስጥ መማርን እንደ ሁለተኛ ምርጫ አትዩት። የምትሠሩት ፊልም ከተመልካቹ ብዙ አይርቅም።

3. ፖርትፎሊዮ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከጠቅላላው ጊዜያችሁ ግማሹን ለዚህ ስጡ።

አስመራጮቹ በአንድ ወቅት መቶዎች ፊልም ያያሉ። በድሮን የተነሳ ከተማ፣ ስሎ ሞሽን፣ ከዩቲዩብ የወረደ ሙዚቃ ስልችት ብሏቸዋል። የሠርግ ቪዲዮና የዘፈን ክሊፕ የምትሠሩ ከሆነ ሙያችሁን ያሳያል፤ ሲቪ ላይ አስገቡት። እንደ ዋና ሥራ ግን አትላኩት። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ እናንተ ያያችሁት፣ ሌላ ሰው በዚያ መልኩ ሊያየው የማይችለው ነገር።

በምሳሌ ላሳያችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራ አንድ ሰው አገኛችሁ እንበል። መጀመሪያ ቀን ካሜራ አታውጡ። ቁጭ በሉና አውሩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሥራውን እዩ። ሥራው መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ አለው፤ ጠዋት በርሜል የነበረው ማታ ምድጃ ይሆናል። ታሪኩ ራሱ እየመራችሁ ነው። ሁለተኛ ቀን እጁን ቅረጹ። ቆርቆሮውን የሚለካው በሜትር ነው ወይስ በስንዝር? መዶሻውን አስቀምጦ ሲያርፍ ወዴት ያያል? ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ድምፁ ይለወጣል? ጋዜጠኛ ሆናችሁ "ስምዎን ያስተዋውቁን" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ፊልሙን ወደ ዜና ይወስደዋል። ከሰውየው ጋር ስትጫወቱ የሚያመልጠው ወሬ ይሻላል።

ቴክኒኩን በተመለከተ ስልክ ይበቃል። ግን ጥቂት ነገር ጠብቁ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ብርሃኑን ቆልፉት፤ መሃል ላይ ራሱ እየደመቀና እየጨለመ እንዳያስቸግር። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ቁጥር ከቀረጻችሁ አምፖሉ ሊርገበገብ ይችላል። ምስሉን በአግድም ቅረጹ። ኤዲቲንግ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂ ይቻላል፤ ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ፋይሉን አሳንሱት።

ድምፅ ላይ ገንዘብ ካላችሁ አውጡ። ርካሽ የደረት ማይክራፎን ከውድ ሌንስ ይበልጣል። ማይክራፎን ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተበድራችሁ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና የሰውየው ደረት ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉንና ድምፁን በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ማንም ሳያወራ የቦታውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ። ምናለሽ ተራ ያ መዶሻ ሁሉ ሲወርድ ራሱ ሙዚቃ ነው። ሌላ አትጨምሩበት። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ መጠቀም በብዙ ትምህርት ቤት ዓይን ትልቅ ነቀፋ ነው።

የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን አትናቁት። ጥሩ ፊልም በመጥፎ ሰብታይትል ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንዱ መስመር ከ40 ፊደል ብዙም አይለፍ። የተባለውን ሁሉ አትጻፉ። "ኧረ በማርያም፣ እንዴ፣ ይሄ እኮ ወንድሜ፣ ዋጋው አይደለም" ካለ "ይሄ ዋጋው አይደለም" ይበቃል፤ የቀረውን ፊቱ ይናገራል። ሲያልቅ ፊልሙን ለማያውቅ፣ አማርኛ ለማይሰማ ሰው አሳዩ። የሚስቅበት ቦታ ላይ ካልሳቀ ሰብታይትሉን እንደገና ሥሩ።

ፈቃድ አትርሱ። የቀረጻችሁትን ሰው በአማርኛ በተጻፈ ቀላል ወረቀት አስፈርሙ፤ ፊልሙን የት እንደምታሳዩት ይግለጽ። ማንበብ የማይችል ከሆነ አንብቡለት። መንገድ ላይ ካሜራ ይዞ የሚቀርጽን ሰው ፖሊስ ወይም ደንብ አስከባሪ ሊያስቆመው ስለሚችል አስቀድማችሁ ወረዳውን ወይም የአካባቢውን ሰዎች አናግሩ። ተማሪ ከሆናችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ።

ሥራውን ቪሜዮ ላይ በይለፍ ቃል ጫኑት። ሊንኩ ውጤት እስኪመጣ እንዳይጠፋ፣ የይለፍ ቃሉም እንዳይቀየር። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሆነ አንድ ጠንካራ ሥራ ከአምስት ደካማ ይሻላል። ስክሪፕት ለምታመለክቱ ደግሞ ከሙሉ ረጅም ፊልም ይልቅ በደንብ የታሸ የ10 ገጽ አጭር ስክሪፕት ላኩ። ለፎቶ የሚጠይቁ ካሉ የተያያዘ ታሪክ ያለው ምረጡ፤ ከየቦታው የተለቃቀመ አይሁን።

ብቻችሁን አትሥሩ። በአዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፊልም ያሳያሉ፣ አልፎ አልፎ ሥልጠናም አለ። ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን የመሠረተው አብርሃም ኃይሌ ብሩ ራሱ አምስተርዳም ሲኒማቶግራፊ ተምሮ የተመለሰ ባለሙያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፊልም ማስተርስ አለ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ሥራችሁን አይቶ እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ጓደኛ ያደንቃል፤ እናንተ የምትፈልጉት የሚተቻችሁን ነው።

የሚዲያ ጥናት የምታመለክቱ በዚህ ሁሉ ፈንታ የጽሑፍ ናሙና ታቀርባላችሁ። ሰፊ ርዕስ አትምረጡ። "ሚዲያ በአፍሪካ" የሚል ሐሳብ ማንንም አይስብም። "የአማርኛ ድራማ ከቴሌቪዥን ወደ ዩቲዩብ ሲሻገር የክፍሉ ርዝመትና የማስታወቂያው ቦታ ምን ሆነ?" የሚል ጥያቄ ግን የሰው ቀልብ ይይዛል። መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው መረጃ በእጃችሁ ነው፤ ለውጭ ፕሮፌሰር ግን ሩቅ ነው። ይሄን ብልጫ ተጠቀሙበት።

4. ደብዳቤዎቹ

"ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ" ብሎ የሚጀምር ሞቲቬሽን ሌተር ከብዙ ሌላ ደብዳቤ አይለይም። "ፊልም ዓለምን ይለውጣል" የሚለውም እንደዚያው ነው። በምትኩ አንድ ተጨባጭ ነገር አስቀድሙ። ለምሳሌ፦ "ምናለሽ ተራ የቀረጽኩት ፊልም ውስጥ ሰውየው ስለ ሟች ሚስቱ ሲያወራ ካሜራውን አጠፋሁት። ማጥፋት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም? መልሱን ገና አላገኘሁም። ዶክመንተሪ መማር የምፈልገው ለዚህ ነው።" ይሄን ያነበበ ሰው ሊያናግራችሁ ይፈልጋል። የራሳችሁን እውነት ጻፉ እንጂ ይሄን አትቅዱት።

ቀጥሎ ለምን እዚያ ትምህርት ቤት እንደሆነ ንገሯቸው። የአንድ ኮርስ ስም፣ የአንድ መምህር ሥራ፣ ወይም የፕሮግራሙን አደረጃጀት ጥቀሱ። ድህነትን ለማሳዘኛ አታምጡት። አስፈላጊ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር "ይሄን ያደረግኩት በዚህ ሁኔታ ነው" በሉና እለፉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ አነጋግሩ። "ጋሼ ይጻፉልኝ" ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ሲቪያችሁን፣ የፊልሙን ሊንክና ቀነ ገደቡን በአንድ ኢሜይል ላኩ። ብዙ መምህራኖቻችን የሚጠቀሙት ጂሜይል ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ደብዳቤ የሚቀበሉት ከተቋም ኢሜይል ብቻ ነው። መምህሩ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ከሌላቸው አስቀድመው ከአይቲ ክፍል እንዲያስከፍቱ በትህትና ጠይቋቸው።

5. ሰነዶች

ስማችሁን በሁሉም ሰነድ ላይ በላቲን ፊደል አስተያዩት። ዲግሪው ላይ አንድ "ኤስ"፣ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት "ኤስ" ከሆነ ቪዛ ላይ ችግር ይፈጥራል። ሰርኔም የሚለው ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ብቻ ሙሉ፤ አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላ ቦታ የአያት ስም አታድርጉ። ዲግሪ ላይ የአባት ስም ብቻ ካለ ዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ዘመን ነው። ትራንስክሪፕት ላይ 2014 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈውን ፈረንጅ 2014 ብሎ ያነበዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ሬጅስትራሩ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፍ አሳስቡ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ኮስት ሼሪንግ አለባችሁ። ሳትከፍሉ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለማመልከት ቴምፖና የተማሪ ኮፒ የሚቀበሉ አሉ፤ ለምዝገባና ለቪዛ ግን ኦሪጅናሉ ይጠየቃል። ስለዚህ ክፍያውን ለመጨረሻ ሰዓት አትተዉት። የምትሄዱበት አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይፈልግ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰልፉና ወረፋው ቀን ይበላል።

እንግሊዝኛን በተመለከተ አይኤልትስ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚበቃቸው አሉ። ሌሎች ከቤት የሚሰጠውን ዱዎሊንጎ ይቀበላሉ፤ ከአይኤልትስ በዋጋ ይረክሳል። የፊልም ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በአይኤልትስ 6.5 አካባቢ ይጠይቃሉ፤ ጋዜጠኝነትና ሚዲያ ጥናት 7 ሊደርስ ይችላል። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ለሚጠይቁ "ፊ ዌቨር" (ከክፍያው ነፃ እንዲያደርጓችሁ) ጠይቁ። ብዙ ሰው ይሄን ኢሜይል መጻፍ ስለሚያፍር ብቻ ማመልከቻውን ይተወዋል። ነፃ ካላደረጉት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ከሚሰጥ ባንክ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

6. ኢንተርቪው

ፊልማችሁን አይተው ከወደዱት በቪዲዮ ያናግሯችኋል። ሰዓቱን ሁለቴ አስሉ። በክረምታቸው ከሊዝበን "14፡00" የሚል ኢሜይል ከመጣ በአዲስ አበባ 17፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይቀንሳል።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ዋይፋይ ላይ ብቻ አትመኩ። ስልካችሁን ሞልታችሁ የሞባይል ዳታ ይዛችሁ ተዘጋጁ። ኮኔክሽኑ ደካማ ከሆነ በጊዜ ንገሯቸው።

የሚጠይቋችሁ ስለ ፊልሙ ነው። "ይሄን ሾት ለምን እዚህ ቆረጥከው?" "አሁን ብትሠሪው ምን ትለውጪ ነበር?" "ሰውየው ፊልሙን አይቶታል? ምን አለ?" የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ ተዘጋጁበት። ፊልሙን ለባለቤቱ ሄዳችሁ አሳዩት፤ የሚላችሁ ነገር ብዙ ያስተምራል። የምትወዱትን ፊልም ሲጠይቋችሁ እነሱ ይወዳሉ ብላችሁ የምታስቡትን አትጥሩ። በልባችሁ ያለውን፣ አማርኛም ቢሆን፣ ጥቀሱና ለምን እንደምትወዱት በአንድ ትዕይንት አስረዱ።

ውጤቱ "ተጠባባቂ" ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ስኮላርሺፕ የተሰጠው ሰው ሲተወው ቀጣዩ ይጠራል። አመስግናችሁ አሁንም እንደምትፈልጉት ጻፉላቸው። ካልተሳካ ደግሞ አስተያየት ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ይመልሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ፊልም ጋር እንደገና ማመልከት የተለመደ ነው።

7. ከቅበላ እስከ ቪዛ

የቅበላ ደብዳቤ እንደደረሳችሁ በዚያው ሳምንት የኤምባሲውን ቀጠሮ ፈልጉ። አዲስ አበባ ቪዛ የማይሰጥ አገር ከሆነ ማመልከቻው በጎረቤት አገር ወይም በሌላ ኤምባሲ በኩል ሊሆን ይችላል። የኢራስመስ ተማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን አገር ቪዛ ታወጣላችሁ፤ የቀጣዮቹን ፕሮግራሙ ይመራችኋል። ለእንግሊዝ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ኢትዮጵያዊ የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። ለአሜሪካ ትምህርት ቤቱ አይ 20 የሚባል ፎርም ይልካል፤ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር ክፍያ ከቪዛ ክፍያው በተጨማሪ አለ።

ስኮላርሺፕ ካላችሁ ደብዳቤው የገንዘብ ማስረጃችሁ ነው፤ ወርሃዊው መጠንና የሚቆይበት ጊዜ በግልጽ ይጻፍበት። ራሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ በቅበላ ደብዳቤውና በክፍያ መጠየቂያው ባንክ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ እንዲሸጥላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ወረፋው ስለሚረዝም ቀድማችሁ ግቡ። አካውንት ውስጥ በድንገት የገባ ትልቅ ብር ቆንስሉን ያጠራጥረዋል፤ የሚረዳችሁ ዘመድ ካለ የሥራና የገቢ ማስረጃውን አያይዙ።

ቃለ መጠይቁ ላይ "ፊልም ተምረህ ምን ትሠራለህ?" ይላሉ። ያለ ዝግጅት አትሂዱ። ስትመለሱ የምትሠሩትን በስም ንገሩ፦ በእጃችሁ ያለውን ሥራ፣ የያዛችሁትን ፕሮጀክት፣ የሚጠብቃችሁ መሥሪያ ቤት ካለ ደብዳቤው።

ቪዛው ከዘገየ ዝም አትበሉ። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ወዲያው ጻፉና የመጨረሻው የመድረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሳሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች በኦንላይን የሚያስገቡም አሉ። ቅበላን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ሊቻል ይችላል፤ ስኮላርሺፑ ግን አብሮ መተላለፉን በጽሑፍ ሳታረጋግጡ አትስማሙ።

ስትሄዱ የኦሪጅናል ሰነዶቻችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ። የፊልማችሁን ጥሬ ምስል በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡና አንዱን ቤት ተዉ። ሰዎቹ የፈረሙላችሁን የፈቃድ ወረቀት ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ያን ፊልም ወደ ፌስቲቫል ለመላክ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።